የሚታይ ጉድለት የለባትም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 1973 ዓ.ም.፤ ጠዋት 3፡00

ድንኳኑ ዛሬም አላለቀም። የአናቱ ቀዳዳ ተሰፋ፤ የግራው ጎን ገና ነው። ሸራው የደብረ ብርሃንን ውርጭ ጠጥቶ መርፌ እንቢ ይላል። በመዳፌ አሽቼ አሽቼ ነው የማለሳልሰው። የእድሩ ድንኳን ነው። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እኔ ዘንድ ይመጣል፣ እጠግነዋለሁ፣ ይመለሳል። ቤቴ አንድ ክፍል ስለሆነ ድንኳኑ ሲገባ እንግዳዋ እኔ ነኝ።

እትዬ በለጥ መጡ። (ስማቸው በለጥሻቸው ነው። አንተ ደብተር ስለሆንክ ቅር አይልህም፤ አሳጥሬ እጽፋለሁ።) ጎረቤቴ ናቸው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። እሑድ በቀበሌ ስብሰባ የሰሙትን ሊነግሩኝ ነው የመጡት። ሬዲዮው ዘንድሮ የአካለ ስንኩላን ዓመት ነው እያለ ነው። ቀበሌውም ጧሪ የሌላቸውን ስንኩላን ሊመዘግብ ነው። የተመዘገበ የቤት ኪራይ አይጠየቅም፣ ከቀበሌው ሱቅ እህል ይሰፈርለታል፣ ከስብሰባም ነፃ ነው። ሂጂና ተመዝገቢ አሉኝ።

ምኔ ነው የተሰነከለው? አልኳቸው። እትዬ በለጥ ድንኳኑን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ያንቺማ የታወቀ ነው አሉና ወጡ።

አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በመጨረሻ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ተናገረው።

እናቴ ጥቅምት ላይ አረፈች። እሷ ሳለች ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ እፈትላለሁ፣ እሷ ትሸጣለች። እኔ ቤት እቀመጣለሁ፣ እሷ ሰው ትጠይቃለች። አፌ እሷ ነበረች። አሁን ፈትሉ በግድግዳው ጥግ ተከምሯል፣ ማሰሮው ግን ባዶ ነው። ወንድሜ ታደሰ ከጎረቤላ በሚመላለስ ሾፌር ልኮብኛል። ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ይወስደኛል፤ ቤቱም ለቀበሌ ይመለሳል። ታደሰ ደግ ሰው ነው። ቤቱ ግን ልጅ በልጅ ነው፤ ሚስቱም ሥራ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። አንድ ክረምት እዚያ ከርሜ አውቀዋለሁ። የከረምኩት ከላሞቹ ጋር ነበር።

አልሄድም። ይኸው ጽፌዋለሁ።


ረቡዕ፣ መጋ. 9

ቀበሌ ጽ/ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ እጁን አንሥቶ «ኢትዮጵያ ትቅደም» አለኝ፤ እኔም እጄን አንሥቼ ያንኑ መለስኩ። ሰው አይስማኝ እንጂ አብዮቱ ለእኔ አንድ ውለታ ውሎልኛል፤ አጭር ሰላምታ ሰጥቶኛል። እንዴት አደርሽ፣ ደኅና አደርሽ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ ቡቃያው… እሱ ነው የሚገድለኝ። ልጅ ሳለሁ እንዴት አደርሽ ሲሉኝ እውነቱን እናገር ነበር። ባቄላ ነፍቶኝ አደርኩ እል ነበር። እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ብቻ በይ ብላ በቁንጥጫ አስተማረችኝ። ሰው ስለ እግዚአብሔር ሳይሆን ስለ እኔ እየጠየቀ ለምን እንዲህ እንደምመልስ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መዝጋቢው ጎልማሳ ነው፤ ጨዋ። ዓይን ነው? እግር ነው? ጆሮ ነው? ይለኛል። ጆሮ ነው አልኩት። አትሰሚም? እሰማለሁ፤ ችግሩ መስማቴ ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። አስረዳሁት። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ ሦስቱም እኩል ይገባል፣ አንዱም አይወጣም። አምስት ከሆኑ መንገዱን እስታለሁ። ገበያ ከሆነ ስሜንም እረሳለሁ። ሰው ዓይኑን ወደ ዓይኔ ካመጣ የሚለው ነገር ይጠፋብኛል። መዝጋቢው ይህን ሁሉ ሰምቶ ቅጹን ወዲያና ወዲህ ገለበጠና «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ስሜን ጻፈ። አስካለ። ከጤና ጣቢያ ወረቀት አምጪ፣ ሦስት ምስክርም አቅርቢ አለ።

ጥሩ ነው። ጤና ጣቢያም አለ፣ ምስክርም ሞልቷል። ይህ ሠፈር ስወለድ ጀምሮ ያውቀኛል።


ዓርብ፣ መጋ. 11

ጤና ጣቢያ። ወረፋው ረጅም፣ ሕፃናቱ ብዙ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆየሁ። ደኅና ቻልኩት።

ድሬሰሩ እጅሽን አንሺ አለኝ፤ አነሣሁ። ተራመጂ፤ ተራመድኩ። ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፤ እግሬ ዘለለ። ምላሴን አየ። በስተመጨረሻ እኔን እዪኝ አለኝ። ጆሮውን አየሁለት። ሳቀና ዓይን አፋር ነሽ አለኝ። አይደለሁም ልለው ነበር፣ ግን ሌላ በሽተኛ ገባ። ወረቀቱ ላይ የጻፈው፦ የሚታይ ጉድለት የለባትም፤ በምስክር ይጣራ።

ዋሽቷል ማለት አልችልም። አይታይም። ጥርስ ሕመምም አይታይም፣ ግን ድሬሰሩ ጥርሱን ሲያመው ሥራ እንደማይገባ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ነገሩ ያለው በምስክር እጅ ነው።


ቅዳሜ፣ መጋ. 12፤ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ጽሕፈቴ አያምርም፤ ታገሠኝ።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሎ ብቻ ነው የበላሁት። ስለዚህ ዛሬ ድፍረቴን ሰብስቤ ገበያ ወጣሁ። ፈትሌን በነጠላ ቋጥሬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ። አቅጄበታለሁ። ቀጥ ብዬ እናቴ ጥጥ ከእጃቸው ትገዛ፣ ፈትል ትሸጥላቸው ከነበሩት ከሐጂ ኡመር ዘንድ። ከአሊዩ አምባ በርበሬና ጥጥ ጭነው የሚወጡ ነጋዴ ናቸው። ቦታቸው አይለወጥም፤ የገበያው ጫፍ ላይ። ሰጥቼ፣ ተቀብዬ፣ ሮጬ መመለስ።

እስከ እሳቸው ድረስ ደረስኩ። ሰው በራሱ መኩራት ካለበት ለዚህ ነው። ፈትሉን ዘረጋሁ። እሳቸውም እናትሽስ? አሉ። ሞተች አልኩ። ሐጂ ኡመር ኢናሊላሂ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። በዚህ በኩል ቅቤ ነጋዴዋ ሰማች፣ በዚያ በኩል ጨው ሻጩ ሰማ። ሁሉም እናቴን ያውቃታል። እግዜር ያጥናሽ፣ ነፍስ ይማር፣ አንቺ ነሽ ልጇ፣ ማን አለሽ፣ ወይኔ ወይኔ… ከበቡኝ። አንዷ አቀፈችኝ። ደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን አህያው ይጮኻል፣ በጉ ይጮኻል፣ ሴትየዋ አትለቀኝም።

ከዚያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ቤቴ ነኝ። ነጠላዬ የለም፣ ፈትሉ የለም፣ አንድ ጫማም የለም። ድንኳኑ ሥር ገብቼ ተኛሁ። ሸራው ከባድ ነው፤ ሲጫነኝ ደስ ይለኛል።


ማክሰኞ፣ መጋ. 15

ሐጂ ኡመር ቤቴን ስለማያውቁ ጠይቀው እትዬ በለጥ ዘንድ ደረሱ አሉ። ነጠላውን ከነፈትሉ፣ ጫማዬንም፣ አስቀምጠው ሄዱ። ከፈትሉ የሚፈልጉትን ወስደው ዋጋውን በእህልና በባዘቶ ተክተውታል። ለእትዬ በለጥ ያሏቸው፦ ልጅቱ ጂን ያባረራት ይመስል ሮጠች፣ ወላሂ እኔ ነኝ የፈራሁት።

ይኸው ሆዴ ሞላ። የሳምንቱስ? ሐጂ ኡመር በየሳምንቱ ጫማ እየለቀሙ ሊያመጡልኝ አይችሉም።

ምስክሮቼን ጠየቅኩ። እትዬ በለጥ እሺ አሉ። የእድራችን ዳኛ አባባ ወልደየስ እሺ አሉ። ከኋላችን ያሉት ሸማኔም እሺ። ሦስቱም እኔን አሳምረው ያውቁኛል። እሑድ ነው። ልቤ ሙሉ ነው።


እሑድ፣ መጋ. 20

ተሸነፍኩ። በምን እንደተሸነፍኩ ግን ብነግርህ አታምነኝም፤ በምስጋና ነው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሊ/መንበሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ኮሚቴው በግራና በቀኝ። መጀመሪያ እትዬ በለጥ ተጠሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

«እኔ ስለዚህች ልጅ ክፉ አላውቅም። ቀና ብላ ሰው አታይም። ከቤቷ አትወጣም፣ ደጅ ለደጅ አትዞርም። ወሬ አታውቅ፣ ድምፅዋ አይሰማ። እንዲህ ያለች ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

አዳራሹ እውነት ነው አለ። አባባ ወልደየስ ቀጠሉ፤ እናቷ የተባረከች፣ እሷም ጭምት፣ የጨዋ ልጅ። ሸማኔው ደግሞ ፈትሏ እንከን የለውም፣ ክርክር አታውቅም፣ የሰጧትን ትቀበላለች አሉ።

እንግዲህ ቁጠርልኝ። ሰው አላይም፦ እውነት። አልወጣም፦ እውነት። አላወራም፦ እውነት። የሰጡኝን የምቀበለው መከራከር ስለማልችል ነው፦ እውነት። የያዘኝን ነገር አንዱንም ሳያስቀሩ ዘረዘሩት፤ ቃናው ግን የሽምግልና ሆነ። ልጅ ሊጠይቁ የመጡ እንጂ ለምስክርነት የመጡ አይመስሉም።

ሊ/መንበሩም ወረቀቱን ዘጋና «ይህች የምትዳር እንጂ የምትጦር አይደለችም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳቁ ሲጀምር ወጣሁ። ስወጣ አንዲት ሴት ስለ እኔ ያለችውን ሰማሁ፦ አየሽ፣ አፈረች።


ሰኞ፣ መጋ. 21

አልጽፍም። ተናድጃለሁ።

እትዬ በለጥ አንኳኩ። አልከፈትኩም።


ሐሙስ፣ መጋ. 24፤ 10 ሰዓት ገደማ

ዛሬ ሲያንኳኩ ከፈትኩ። የከፈትኩት የልቤን ልነግራቸው ነው። ነገርኳቸውም። እውነቱን እንዲናገሩልኝ ጠይቄ ለምን ዳሩኝ? ከእንግዲህ ጎረቤላ ሄጄ ከላሞች ጋር ብኖር የእርስዎ እጅ አለበት አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ድምፅዋ አይሰማ ያሉ ሰው ይስሙኝ።

አዳመጡኝ። ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ያሉት የምጠብቀውን ነው፤ የሰው ልጅ በአደባባይ እንዲህ ናት እንዲያ ናት ማለት ነውር ነው፣ እናትሽ ከመቃብር ትታዘበኛለች። ይህ አላረካኝም። ቀጥዬ ልናገር ስል እጃቸውን አነሡ።

«አስካለ፣ እኔ በዚያ አዳራሽ የሰው ስም በክፉ አላነሣም ብዬ ምያለሁ። የሰይፉን ስም ያነሡት እዚያ ነው።»

ሰይፉ ልጃቸው ነው። አንድ ልጃቸው። በዚያ ጊዜ፤ ያ ጊዜ ብቻ ብዬ ልለፈው፣ አንተም በሰው እጅ ልትወድቅ ትችላለህ። በስብሰባ ስሙ ተነሣ፣ ሌሊት ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ማልቀስም ክልክል ነበር። ድንኳን አልተተከለ፣ እድር አልተጠራ፣ ሰው ደጃቸውን መርገጥ ፈራ።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከምስክርነቱ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ሰው ያላለውን ነገር መስማት አልችልበትም፤ የተናገረውን ብቻ ነው የምሰማው። እናቴ ብትኖር በጆሮዬ ታንሾካሹክልኝ ነበር።

ከዚያ እትዬ በለጥ ሌላ ነገር አነሡ። «ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አንቺ ብቻ እንዝርትሽን ይዘሽ መጣሽ። ማዕዘኑ ላይ ተቀመጥሽ፤ እስኪመሽ ፈተልሽ፣ ቃል አልተነፈስሽም። በማግስቱም መጣሽ። እኔ ያንን መቼም አልረሳውም። ታዲያ አንቺን ነው በዚያ አዳራሽ ጎዶሎ ናት የምለው?»

ምን ልበል? ያን ሰሞን እኛ ቤት ከመንዝ እንግዶች መጥተው ነበር፤ ሲያወጉ ውለው ያድራሉ። የእትዬ በለጥ ቤት ጸጥ ያለ ስለነበር ነው የሄድኩት። መሄድ አደገኛ መሆኑንም የነገረኝ አልነበረም። ውሸት ስለማላውቅበት እንደዚሁ ነገርኳቸው።

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። እስኪደክማቸው ሳቁ፣ ከሳቁም እንባ መጣ፣ ከእንባውም ትክክለኛው ለቅሶ። ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ማባበል አላውቅም። ባዘቶዬን አንሥቼ አጠገባቸው ፈተልኩ። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ጠርገው ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ አሉኝ። ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩት።

አሁን አዝኛለሁ። በእሳቸው ላይ ተናድጄ መሰንበቴም ያሳዝነኛል። የሚገርመው ግን ልቤ ቀሎታል።


ዓርብ፣ መጋ. 25

መርፌው ሸራው ውስጥ እንዳለ መጣልኝ። ድንኳኑ! ለመሆኑ ድንኳኑን የምሰፋው ለምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃገረድ ሳለሁ በአንድ ለቅሶ ላይ አስለቃሿ ስትጀምር፣ ደረት ሲመታ፣ ጆሮዬን ይዤ እየጮህኩ ድንኳኑን ጥሼ ወጣሁ። ሐዘንተኞቹ ተቀየሙ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ መድረስ ተውኩ። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሲሞት ብቻውን ይቀበራል። እድሩ እናቴን ከሰሰ። እናቴም ተነሥታ ልጄ አትችልም፣ እንዴት እንደማትችል አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም አለች። አባባ ወልደየስ ያኔም ዳኛ ነበሩ። ሽማግሌዎቹን አማክረው ፈረዱ፦ አስካለ ከለቅሶ ነፃ ናት፤ በምትኩ በየዓመቱ ድንኳኑን ትጠግናለች፤ የሚነቅፋት ቢኖር ይቀጣል።

ምን ሆነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስም አላወጡልኝም። አትችልም፣ ይህን ግን ትችላለች ብለው አለቀ። ድፍን እድሩ የሚያውቀው ፍርድ ነው።

እየሮጥኩ ሄድኩ፤ አባባ ወልደየስ ዘንድ። ሰላምታ ረሳሁ። እሳቸውም አልጠበቁም። ስለ እኔ ምን እንደሆንኩ አይንገሩልኝ፣ የፈረዱትን ብቻ ይንገሩልኝ አልኩ። ትንሽ አሰቡ። ሰውን ማማት ነውር ነው፣ የፈረዱትን መናገር ግን የዳኛ ሥራ ነው አሉ። ይግባኝ እንድል መከሩኝ። ሚያዝያ 4 ተቀጠረ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 4

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ካልሆነ ይጠፋብኛል።

አባባ ወልደየስ ፍርዱን እንዳለ ተናገሩ። ምንም አልጨመሩም። አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ፤ ያስታውሳሉ። ሊ/መንበሩ ግን አልወደደውም። እድርና ቀበሌ አንድ አይደለም፣ እድር ከለቅሶ ነው ነፃ ያወጣት፣ ከሥራ አይደለም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሥራ ትችያለሽ አትችይም? በአንድ ቃል።

ወደ መስኮቱ እያየሁ እንድናገር ፈቃድ ጠየቅኩ። ፈቀደ። መስኮቱ ላይ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ጥሩ ነው፣ ዛፍ መልስ አይጠብቅም። «ሥራ እችላለሁ። ሰው አልችልም። የፈተልኩትን ሌላ ሰው ካልሸጠልኝ እራባለሁ። በቤቴ ከተዉኝ ማንንም አላስቸግርም። ከሰው መካከል ካስገቡኝ ግን ለእናንተም አልጠቅም፣ ለራሴም አልተርፍም።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰባት ቀን ለግድግዳው ስለማመደው ነበር።

ሊ/መንበሩ ከጎኑ ካሉት ጋር ተንሾካሾከ። እንግዲያውስ የአእምሮ ሕመምተኛ ብለን አዲስ አበባ ሆስፒታል እንላክሽ አለ። በክፋት አይደለም፤ በቅጹ ላይ የተገኘው ቦታ እሱ ነው። አይሆንም አልኩ። አላበድኩም። ታዲያ ምን እንበልሽ? አለ።

ቃሉ የለኝም። ቃሉ ቢኖር እናቴ ትነግረኝ ነበር። አዳራሹም የለውም። ሁሉም ያውቀኛል፣ ማንም ስሙን አያውቀውም።

ከኋላ የአግዳሚ ወንበር ድምፅ ሰማሁ። እትዬ በለጥ ቆመዋል። አልተጠሩም።

«ያለፈው ጨዋነት ነበር፤ አሁን እውነቱን ልናገር። ይህች ልጅ ገበያ ሄዳ ፈትሏን ጥላ፣ ጫማዋን ጥላ ነው የሸሸችው። የአገር ሰው ሊያጽናናት ከቧት ነው የሸሸችው። ከግድግዳዬ ማዶ በረሃብ ትሞታለች እንጂ አንኳኩታ እንጀራ ስጡኝ አትልም። እኔ በዚህ አዳራሽ ሰው ስሙ ተነሥቶ ሲጠፋ አይቻለሁ። ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ስሙ ተነሥቶ ይዳንበት።»

አባባ ወልደየስ መሬት መሬት ያያሉ። ሊ/መንበሩ ወረቀቱን ያያል። እኔ ብቻ ነኝ እትዬ በለጥን ያየሁት፤ ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን። እጃቸው ነጠላቸውን ጨብጧል።

ውሳኔው ይነገራል ተብሎ ስብሰባው ተበተነ።


ማክሰኞ፣ ሚያ. 6

እፈራለሁ። ለእኔ አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ በተሰማ ቁጥር መፍተሌን አቆማለሁ። ሙቀጫቸው ሲወቅጥ እቀጥላለሁ። ሕይወቴን ሙሉ የሰው ድምፅ ጠልቼ አሁን የሙቀጫ ድምፅ እለምናለሁ።


ሐሙስ፣ ሚያ. 8

መዝጋቢው ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። እትዬ በለጥን አልነኳቸውም። ተመስገን። መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፤ መዝጋቢው ስለ ራስሽ አትጠይቂም እንዴ አለኝ።

ተፈቅዷል። ቤቱ በእጄ ይቆያል፣ እህሉ ይሰፈርልኛል፣ ስብሰባ አልገባም። በየዓመቱ ይጣራል። ሊ/መንበሩ የጉድለቱ ዓይነት ከሚለው ፊት በራሱ እጅ የድሬሰሩን ቃል ገልብጦ ጥቂት ጨምሮበታል፦ የሚታይ ጉድለት የለባትም፤ የማይታይ አለባት። ማኅተሙ ከላዩ።

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እኔ ከተጻፈው ሁሉ ትክክለኛው ይኸ ነው። ድሬሰሩም አላፈረ፣ እኔም አልዋሸሁ።

ስሄድ ስመጣ ዘፈንኩ። በልቤ።


ማክሰኞ፣ ሚያ. 20

ፋሲካ አለፈ። ታደሰ ዛሬ ከጎረቤላ መጣ፤ ዕቃዬን የምትጭን በቅሎም ይዟል። በጣም ነው የደከመው፤ ዳገቱ ቀላል አይደለም። ዶሮ ይዞልኝ መጥቷል፣ ሚስቱ የሠራችው።

ገና ሳይቀመጥ ነገረኝ። ከጓዳው በኩል በጭቃ ለይቶ ክፍል ሠርቶልኛል። ግድግዳውን ሁለት እጥፍ አድርጎ ለስኖታል፣ የልጆቹ ድምፅ እንዳያስቸግረኝ። እኔ ወንድሜ እንዲህ የሚያስብልኝ አይመስለኝም ነበር። ልቤን ነካኝ። ለአንድ አፍታ እሺ ልለው ነበር።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፊቱ ጠቆረ። ስንኩል ተብለሽ በመንግሥት ማኅተም ተጻፍሽ? የአባታችን ልጅ? ከእኔ ቤት ይህ ስም ይሻልሻል? አለኝ። እኔም ስሙ አዲስ አይደለም፣ ማኅተሙ ነው አዲስ አልኩት። ክፍሉን ስለሠራህልኝ ግን እስክሞት አልረሳህም። በየክረምቱ አንድ ሳምንት እመጣለሁ፤ ሚስትህም እንደ ልቧ ታንጎራጉር። ታደሰ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ዶሮውን እንብላ አለ። በላን። ሲሄድ በቅሎዋ ባዶዋን ሄደች። ጥግ ላይ ሲታጠፍ ዞሮ አየኝ፤ እጄን አነሣሁለት።

አልቅሻለሁ። እውነቱን ልጻፈው። ግን አልተጸጸትኩም።

ድንኳኑ አልቋል። ነገ አባባ ወልደየስ ሰው ልከው ያስወስዱታል። እያጠፍኩት አንድ ነገር ሳስብ ዋልኩ። ይህ ሸራ በሠፈሩ ለሞተ ሁሉ ተተክሏል። ለሰይፉ አልተተከለም። እኔም አልሰፋሁለትም።

ስለዚህ ውሳኔ። ቀበሌው ከስብሰባ ነፃ አውጥቶኛል፤ እድሩ ከለቅሶ ነፃ አውጥቶኛል። ከእንግዲህ ማንም የትም እንድሄድ ሊያስገድደኝ አይችልም። ለዚህ ነው በፈቃዴ የምሄደው። ሰይፉ የተወሰደበት ቀን በመጣ ቁጥር፣ በየዓመቱ፣ እንዝርቴን ይዤ ከእትዬ በለጥ ቤት ማዕዘን እቀመጣለሁ። ቢያለቅሱም ጆሮዬን አልይዝም።

በዚህኛው ጊዜ የምሄደው ቤቱ ጸጥ ስላለ አይደለም።